በመንግሥት ሆስፒታል ፋርማሲስት ሆኖ ለመቀጠር፦ ከሙያ ፈቃድ እስከ ርክክብ

የፋርማሲስት ክፍት የሥራ ቦታ በወጣ ቁጥር የሆስፒታሉ የሰው ሀብት ቢሮ በር ላይ ሰልፍ አለ። ከሰልፈኛው መካከል ጥቂት የማይባለው የፈተናው ቀን ሳይደርስ ይመለሳል። የአንዱ የሙያ ፈቃድ ገና «በሂደት ላይ» ነው፣ የሌላው ስም በዲግሪውና በመታወቂያው ላይ አይገጥምም፣ የሦስተኛው የግል ፋርማሲ ልምድ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ምንም አይልም። ሰነዱን አሟልቶ ፈተና የተቀመጠውም ቢሆን ወራቱን በፋርማኮሎጂ ላይ ብቻ አሳልፎ ስለ ቢን ካርድ፣ ማለትም የመጋዘን ዕቃ ገቢና ወጪ ስለሚመዘገብበት ካርድ፣ ሲጠየቅ ይደናገጣል። እዚህ ላይ ሁለቱንም፣ ሰነዱንና ፈተናውን፣ እናያለን፤ ረዘም አድርገን የምንቆየው ግን በሁለተኛው ላይ ነው።

ሁለት ፈተና፣ አንድ ፈቃድ

ፋርማሲስት የሚባለው በፋርማሲ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ነው። በቴክኒክና ሙያ በደረጃ 4 የተመረቀ የፋርማሲ ቴክኒሺያን የራሱ መደብና ሲኦሲ የምንለው የራሱ ምዘና አለው። በሲኦሲ ወረቀት ለፋርማሲስት መደብ ማመልከት አይቻልም። ማስታወቂያዎች መደቡን አንዳንዴ «ፋርማሲስት»፣ አንዳንዴ «ፋርማሲ ፕሮፌሽናል» ይሉታል፤ ስሙ ግራ ካጋባችሁ ተፈላጊ ችሎታ በሚለው ዓምድ ውስጥ የተጠየቀውን የትምህርት ደረጃ ተመልከቱ።

የዲግሪ ምሩቃን ሁለት ፈተናዎችን ያምታታሉ። አንደኛው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን እሱን ያላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። ሁለተኛው ጤና ሚኒስቴር የሚሰጠው የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ፈተና ነው። የሙያ ሥራ ፈቃድ የሚጠየቀው ይህኛውን በማለፍ ነው። የመውጫ ፈተና ውጤት ይዞ «ፈቃድ ይሰጠኝ» ማለት አይሠራም፤ ሆስፒታሉም ያለ ፈቃድ አይቀጥርም። ቢቀጥር እንኳ ያለ ፈቃድ መድኃኒት ማደል በሕግ የሚያስጠይቅ ነው፣ የሚጠየቀውም አዳዩ ራሱ ነው።

ለብቃት ምዘናው ምዝገባ የሚከፈተው በዙር ነው፣ የሚቆየውም ለጥቂት ቀናት ነው። አንድ ዙር ያመለጠው የሚቀጥለውን ይጠብቃል፤ በዚህ መሃል የሚወጣው ማስታወቂያ ሁሉ ያልፈዋል። ስለዚህ የምርቃት ወር ሲቃረብ የጤና ሚኒስቴርን ይፋዊ ገጾች መከታተል ጀምሩ። ሲመዘገቡ ስምን በዲግሪው ላይ እንዳለው፣ በተመሳሳይ የላቲን አጻጻፍ መሙላት ያስፈልጋል። ጸጋዬ የሚለው ስም በአንድ ሰነድ ላይ በቲ እና ኤስ፣ በሌላው ላይ በኤስ ብቻ ሲጀምር ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው።

በግል ኮሌጅ የተማራችሁ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሰጠው ለተማራችሁበት ፕሮግራም እና ለተማራችሁበት ካምፓስ መሆኑን አረጋግጡ። ኮሌጁ በአንድ ከተማ ዕውቅና ስላለው ሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፉም አለው ማለት አይደለም። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ደግሞ ከዚሁ ባለሥልጣን የአቻ ግምት ሳይዝ የትኛውም መስኮት አያስተናግደውም።

ፈተናውን ካለፋችሁ ፈቃዱን ሳትውሉ ሳታድሩ ጠይቁ። ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የፈተና ውጤት፣ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና የጤና ምርመራ ውጤት ይዛችሁ ማመልከት ነው። ፌዴራል ላይ ጤና ሚኒስቴር፣ ክልል ላይ የክልሉ ጤና ቢሮ ይሰጣል። ፈቃዱ በእጃችሁ ሲገባ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት፦ ስም፣ የሙያ ስያሜ፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን። የሙያ ስያሜው ከዲግሪው ጋር ካልገጠመ እዚያው ማስተካከል ይቀላል፣ ከሦስት ወር በኋላ ለማስታወቂያ ስትሮጡ ግን አይቀልም። ጊዜው ያለፈበት ፈቃድ እንደሌለ ይቆጠራል። ለማደስ ደግሞ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና የወሰዱበት ማስረጃ ይጠየቃልና የሥልጠና ሰርተፍኬቶችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ፋይል አስቀምጡ።

ፋይሉ

አንድ ጠንካራ ክላሰር ግዙ። ውስጡ ዋናው ዲግሪ ወይም ጊዜያዊው፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የሙያ ፈቃድ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ፣ ልምድ ካለ የልምድ ማስረጃ ይኑር። ከእያንዳንዱ ቢያንስ ሦስት ሦስት ፎቶ ኮፒ አስቀምጡ፤ ማስታወቂያው «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» የሚለው የምር ነው፣ የሰጣችሁት አይመለስም።

ስለ ልምድ ማስረጃ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ሰው ነጥብ የሚያጣው እዚህ ነውና። ተቀባይነት ያለው ደብዳቤ የሥራ መደቡን መጠሪያ፣ ከመቼ እስከ መቼ በቀን፣ በወርና በዓመተ ምህረት፣ የደመወዙን መጠን፣ የሰጪውን ፊርማና ክብ ማኅተም የያዘ ነው። ከግል ፋርማሲ ወይም ክሊኒክ ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉን መግለጽ አለበት፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤት ከገቢዎች ቢሮ ማረጋገጫ ያስመጣል። የሚቆጠረው ከምርቃት በኋላ ያለው ነው፣ የተማሪነት አፓረንትሺፕ አይቆጠርም። ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ወደ ኢትዮጵያ ሲለወጥ ስህተት እንዳይገባ ራሳችሁ አስሉት። «2 ዓመት» የሚል መደብ ላይ 1 ዓመት ከ11 ወር ከ20 ቀን ይዞ የቀረበ ይወድቃል፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው ደግሞ ከስንት አንዴ አይደለም።

የወጪ መጋራት ያለበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ዋናውን ዲግሪ ለማግኘት ዕዳውን ይከፍላል ወይም ቀጣሪው ከደመወዝ እየቆረጠ እንደሚያስገባ ይጻፍለታል። በደንቡ መሠረት ከወር ገቢ የሚቆረጠው ቢያንስ 10 በመቶ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ቅጥር ጊዜያዊ ዲግሪ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ካለ ዋናው የለኝም ብላችሁ ወደ ኋላ አትበሉ፤ ጠይቁ።

የስም ልዩነት ካለ በፊደል ብቻ የሆነውን የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በደብዳቤ ያስተካክላል። የአባት ወይም የአያት ስም ጨርሶ ከተለየ ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ነው፤ ያ ሳምንታት ይወስዳልና ማስታወቂያ ሳይወጣ አስጀምሩት።

ሆስፒታሉ የማነው?

የመንግሥት ሆስፒታል ሲባል ሁሉም አንድ ቀጣሪ ይመስላል። አይደለም፤ ባለቤቱ ሲለያይ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ቦታም፣ ፈታኙም፣ የመደቡ ምደባም ይለያያል። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጴጥሮስ፣ አለርት እና አማኑኤል በፌዴራል ስር ናቸው። ዘውዲቱ፣ ራስ ደስታ፣ የካቲት 12፣ ምኒልክ 2ኛ፣ ጋንዲ እና ጥሩነሽ ቤጂንግ የከተማው አስተዳደር ናቸው። ጥቁር አንበሳ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ባሕር ዳር ላይም እንዲሁ ነው፦ ፈለገ ህይወት የክልሉ፣ ጥበበ ግዮን የዩኒቨርሲቲው። ለጥቁር አንበሳ የሚወጣ ማስታወቂያ ጤና ቢሮ ሰሌዳ ላይ አይገኝም፤ የዩኒቨርሲቲውን ሰሌዳና ገጽ ማየት ያስፈልጋል።

ማስታወቂያ የሚወጣው በአዲስ ዘመን፣ በሪፖርተርና በመሥሪያ ቤቶቹ ሰሌዳ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን እንደ ጥቆማ ውሰዱት፤ ቀኑን፣ ቁጥሩንና ማኅተሙን ካላያችሁ ወይም ደውላችሁ ካላረጋገጣችሁ አትጓዙ። ለምዝገባ ገንዘብ የሚጠይቅ ካገኛችሁ ማስታወቂያው ሐሰት ነው ብላችሁ እለፉት። «ለተከታታይ 7 የሥራ ቀናት» ሲል የሚቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ነው። ጋዜጣውን በሦስተኛው ቀን ያየ ሰው አራት ቀን እንደቀረው ይወቅ።

የቅጥሩን ዓይነት አንብቡ። ቋሚ፣ ኮንትራት ወይም ጊዜያዊ ይላል። ሆስፒታሎች ከውስጥ ገቢያቸው በኮንትራት የሚቀጥሩት ፋርማሲስት አለ። ደመወዙ ከቋሚው ጋር ሊቀራረብ ይችላል፤ የጡረታ፣ የደረጃ ዕድገትና የትምህርት ዕድል ጉዳይ ግን በውሉ ላይ ካልተጻፈ የለም ማለት ነው። ቢሆንም ለጀማሪ ኮንትራትን አንንቅም። ከመንግሥት ሆስፒታል የሚወጣ የልምድ ደብዳቤ ግብር ተከፍሏል አልተከፈለም የሚል ጥያቄ አይነሳበትም፣ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ቀጣዩን ማስታወቂያ ቀድሞ ያያል።

ቀድሞ የጤና ምሩቃን በዕጣ ይመደቡ ነበር፤ አሁን አብዛኛው ፋርማሲስት በውድድር ነው የሚገባው። ትልልቅ ከተሞች ላይ ለአንድ ቦታ ብዙ አመልካች ይሰለፋል። የዞንና የወረዳ ሆስፒታሎች ላይ ውድድሩ ይቀላል። በክልል ስትወዳደሩ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ወሳኝ ነው፦ ኦሮሚያ ላይ ታካሚውን በአፋን ኦሮሞ ማማከር የማይችል ፋርማሲስት የማስታወቂያውን መስፈርት ቢያሟላ እንኳ ሥራው ላይ ይቸገራል።

የጽሑፍ ፈተናው

ሆስፒታሎች ለመደቡ የሚያወጡት ፈተና ከብቃት ምዘናው ያጥራል፣ ወደ ዕለት ሥራ ግን ይቀርባል። ሕክምናው ላይ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪ፣ ወባ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታና የሕጻናት ኢንፌክሽን ይበዛል። አገራዊውን መደበኛ የሕክምና መመሪያ ይዛችሁ አጥኑ፤ የውጭ መጽሐፍ የሚለውና እዚህ የሚታዘዘው ሲለያይ ትክክለኛው መልስ የአገሩ ነው። ለምሳሌ ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከሪፋምፒሲን ጋር ሲጀምር 50 ሚሊግራሙ በቀን አንድ ጊዜ የነበረው ሁለት ጊዜ ይሆናል። ይህ በተደጋጋሚ ይጠየቃል፣ ምክንያቱንም ጭምር፦ ሪፋምፒሲን ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል።

የፀረ መርዝ ጥንዶችን በቃል ያዙ። ለማግኒዚየም ሰልፌት ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ለሄፓሪን ፕሮታሚን፣ ለሞርፊን ናሎክሶን፣ ለፓራሲታሞል አሴቲልሲስቲን፣ ለፀረ ተባይ ኦርጋኖፎስፌት አትሮፒን። የመጨረሻው ገጠር ላይ ባለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በእርግጥ ያጋጥማችኋል፣ ለአንድ ታካሚ የሚፈጀው አትሮፒንም ብዙ አምፑል ነው፤ መጋዘን የያዘ ሰው ይህን ሳያስብ ሊጠይቅ አይገባም።

ስሌት ላይ ብዙዎች ነጥብ የሚጥሉት በቀላሉ ጥያቄ ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ሕጻን በሳንባ ምች አሞክሲሲሊን በኪሎ 40 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን ታዘዘለት እንበል። 12 በ40 ሲባዛ 480 ሚሊግራም ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም ከሆነ 9.6፣ ማለትም በተግባር 10 ሚሊሊትር በአንድ ጊዜ፤ በ5 ቀን 100 ሚሊሊትር፣ አንድ ጠርሙስ። ጠርሙሱ ግን በ5 ሚሊሊትር 125 ሚሊግራም ከሆነ በአንድ ጊዜ 20 ሚሊሊትር፣ በድምሩ 200፣ ሁለት ጠርሙስ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከማባዛት ሳይሆን የጠርሙሱን ጥንካሬ ሳያነቡ ከመጀመር ነው፤ ባለ 250 ውን አስቦ ባለ 125 ውን ያደለ ሰው ሕጻኑን ግማሽ መጠን ሰጥቶ ልኮታል። ሊሟሟ የሚችለው ባለ 250 ሚሊግራም እንክብል ካለ ደግሞ በአንድ ጊዜ 2፣ በድምሩ 20 እንክብል ይበቃል፤ ለእናትየውም ለመለካት ይቀላል።

ጠብታም ይጠየቃል፦ 1 ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት፣ የፈሳሽ መስጫው ቱቦ በሚሊሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ይካፈላል፤ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። ማቅጠን ላይ የተለመዱት ሁለት ናቸው። ከ96 በመቶ አልኮል 1 ሊትር ባለ 70 በመቶ ለመሥራት 729 ሚሊሊትር ወስዶ በውኃ 1 ሊትር መሙላት። ባለ 5 በመቶ በረኪናን ወደ 0.5 በመቶ ለማውረድ 1 እጅ በረኪና ላይ 9 እጅ ውኃ። እዚህ ላይ «1 ለ10» ብሎ 10 እጅ ውኃ የሚጨምር አለ፤ ጠቅላላው ነው 10 የሚሆነው።

የእጅ ማጽጃ አልኮል ሆስፒታሉ ራሱ የሚያዘጋጅ ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለ10 ሊትር እንዲህ ነው፦ 96 በመቶ ኢታኖል 8,333 ሚሊሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሮል 145 ሚሊሊትር፣ ቀሪው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ ውኃ። ከተዘጋጀ በኋላ 72 ሰዓት ተዘግቶ ይቆያል፤ በዕቃው ወይም በአልኮሉ ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ስፖር የሚሞተው በዚያ ጊዜ ነው። በዕለቱ ለዋርድ ማውጣት የተለመደ ጥፋት ነው።

መጋዘን፦ ተመራቂው የሚዘነጋው

ሆስፒታሉ ፋርማሲስት ሲቀጥር ከሚጠብቀው ትልቁ ነገር መድኃኒት ሳይጠፋ፣ ጊዜው ሳያልፍበትና ሳይጎድል እንዲቆይ ነው። ፈታኙም አብዛኛውን ጊዜ የመጋዘን ወይም የፋርማሲ አስተባባሪ ስለሆነ ጥያቄው ወደዚህ ያዘነብላል። የተቀናጀው የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት ሆስፒታል በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ሞልቶ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ እንዲልክ ያዛል። ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር፣ የድንገተኛ ጥያቄ ነጥብ የሁለት ሳምንት ነው። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች የማያውቅ ሰው ቀሪውን ስሌት መጀመር አይችልም።

የደም ግፊት መድኃኒቱን አምሎዲፒን 5 ሚሊግራምን እንውሰድ። በሁለት ወሩ መጀመሪያ 2,500 እንክብል ነበር፣ 5,700 ገባ፣ 200 ጊዜው አልፎበት ተለየ፣ መጨረሻ ላይ ተቆጥሮ 2,000 ተገኘ። ፍጆታው 2,500 ሲደመር 5,700፣ ሲቀነስ 200፣ ሲቀነስ 2,000፣ ማለትም 6,000 ነው። ያለፈበት 200 ከፍጆታ ውስጥ ከገባ ሕዝቡ ያልዋጠው መድኃኒት እንደተዋጠ ተቆጥሮ ይጠየቃል። አሁን መድኃኒቱ በ60ው ቀን ውስጥ ለ10 ቀን አልቆ ነበር እንበል። 6,000 የወጣው በ50 ቀን ብቻ ነውና በ60 አባዝተን ለ50 ስናካፍል የሁለት ወሩ ፍጆታ 7,200 ይሆናል። የ4 ወር ከፍተኛ ክምችት 14,400 ነው፤ እጅ ላይ ያለው 2,000 ሲቀነስ የሚጠየቀው 12,400። ያለቀበትን ቀን ያላሰበ ሰው 10,000 ይጠይቃል፣ መድኃኒቱ ቀድሞ ያልቃል፣ በሚቀጥለው ሪፖርት ፍጆታው ይበልጥ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ጥያቄውም አብሮ ይወርዳል። ብዙ ሆስፒታል ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒት በየጊዜው የሚጠፋው እንዲህ ባለ የቅጽ አሞላል ጭምር ነው።

ቢን ካርድ መደርደሪያው ላይ፣ ከመድኃኒቱ አጠገብ ይሰቀላል፤ ዕቃው በተነካ ቁጥር እዚያው ይመዘገባል። «ማታ አንድ ላይ እሞላዋለሁ» የሚባልበት መጋዘን ቆጠራ ሲመጣ አይገጥምም። ዕቃ የሚገባው ሞዴል 19 በሚባለው ቅጽ፣ የሚወጣው በሞዴል 22 ነው። የመጋዘን ሶፍትዌር ያለበት ሆስፒታልም ቢሆን ካርዱን አይተውም። የሚወጣው ቀድሞ የገባው ሳይሆን ቀድሞ የሚያልፍበት ነው። ካርቶን ከወለል 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በፓሌት ላይ፣ ከግድግዳ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ቁመቱ ከ2.5 ሜትር ሳይበልጥ ይደረደራል። ኢንሱሊንና ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሰጥም። ፈታኝ ሊጠይቃችሁ የሚወደው «ጠዋት ስትገባ ማቀዝቀዣው 14 ዲግሪ ላይ ሆኖ አገኘህ፤ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ነው። መጣል የመጀመሪያ መልስ አይደለም። ዕቃውን ወደሚሠራ ማቀዝቀዣ ታዛውራላችሁ፣ «አይታደል» ብላችሁ ትለያላችሁ፣ ከመዝገቡ ላይ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሞቀ ታጣራላችሁ፣ ለአስተባባሪው በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ፣ የእያንዳንዱን መድኃኒት የአምራች መረጃ አይታችሁ ትወስናላችሁ።

ስለ ኦዲተብል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓትም ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች የተስፋፋ አሠራር ሲሆን፣ እያንዳንዱ መድኃኒት ከመጋዘን እስከ ታካሚ እጅ በሰነድ እንዲታይ ያደርጋል። በማደያው ላይ ማዘዣ ገምጋሚ፣ ዋጋ ተማኝ፣ ገንዘብ ተቀባይና አማካሪ ሆነው ሥራው ተከፋፍሏል፤ ማዘዣው በዚህ ቅደም ተከተል ያልፋል። ገምጋሚው ላይ ያለው ፋርማሲስት ነው ስህተቱን የሚይዘው፤ ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ አማካሪው ጋ የተያዘ ስህተት ታካሚውን እንደገና ያሰልፋል፣ ቲኬት ያሰርዛል።

ቃለ መጠይቅና ተግባር

ነጥቡ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል። የተግባር ፈተና ካለ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ያለበት ማዘዣ ይሰጣችኋል። መጀመሪያ የሚታየው መድኃኒቱ ሳይሆን ታካሚው ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀን፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ። ከዚያ መጠን፣ ድግግሞሽ፣ ቆይታ፣ የመድኃኒት ግጭት፣ እርግዝና። ልዩ ቁጥጥር የሚደረግበት ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒት በተራ ማዘዣ ወረቀት ከመጣ ልዩ ማዘዣው እንዲጻፍ መመለስ ነው፤ «ሐኪሙን አውቀዋለሁ» የሚል መልስ ከፈተናው ያስወጣል። ስህተት ስታገኙ ራሳችሁ አርማችሁ አታድሉ። ሐኪሙን ደውላችሁ ወይም ሄዳችሁ ታነጋግራላችሁ፣ የተስማማችሁበትን ማዘዣው ላይ እንዲያስተካክልና እንዲፈርም ታደርጋላችሁ።

ምክር ስትሰጡ በአማርኛ፣ ያውም በሰፈር አማርኛ ስጡ። «በቀን ሦስት ጊዜ» ለብዙ ታካሚ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ማለት ነው፤ በየ8 ሰዓቱ ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ብላችሁ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ፓኬቱ ላይ ጻፉ። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም 6 ጊዜ በ3 ቀን፣ ስብ ካለበት ምግብ ወይም ወተት ጋር እንደሚወሰድ ሲነገር ጾም ላይ ያለ ሰው ሊኖር እንደሚችል አስቡና ጠይቁ። ከዚያ «አሁን እንዴት ነው የሚወስዱት? ይንገሩኝ» ብላችሁ አስደግሙ። ፈታኞች ይህችን አስደግሞ መስማት ይፈልጋሉ፤ ግማሹ ተፈታኝ ግን «ገባዎት?» ብሎ ያልፋል።

ካለፋችሁ በኋላ

የፈተናው ውጤት በሰሌዳ ሲለጠፍ አላፊውና ተጠባባቂው አብሮ ይወጣል። ተጠባባቂ ሆኖ ስልኩን የዘጋ ሰው ዕድሉን ለቀጣዩ ይሰጣል፤ አላፊው ሰነድ አጥቶ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ቅጥር ላይ ከመንግሥት የጤና ተቋም የሕክምና ምርመራ እና ከፖሊስ ከወንጀል ነጻ የሆኑበት ማስረጃ ይጠየቃል። የኤችአይቪ ምርመራ ለመቀጠር ቅድመ ሁኔታ አይሆንም፤ ቢጠየቅ እንቢ ማለት ይቻላል። ንብረት የሚረከብ መደብ ከሆነ ተያዥ ይጠይቃሉ፤ የዋሱን ደመወዝ የሚገልጽ ደብዳቤ ቀድማችሁ ማስጻፍ አይከፋም። ከደመወዝ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምራል። የሙከራ ጊዜውን ርዝመት ከምደባ ደብዳቤው ላይ አንብቡ፤ በአዋጅ 1064/2010 ስድስት ወር ነበር። በዚያ ጊዜ የሚሞላው የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ቋሚ መሆን አለመሆንን ስለሚወስን ሲያበቃ መሞላቱን ራሳችሁ ተከታተሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ማደያ ወይም መጋዘን እንድትረከቡ ከተባለ የቀድሞው ተረካቢ ባለበት፣ ሦስተኛ ሰው በታዛቢነት ተቀምጦ ቁጠሩ። ቢን ካርዱ 1,240 ብሎ መደርደሪያው ላይ 1,180 ከተገኘ ርክክቡ ላይ የሚጻፈው 1,180 ነው፣ የ60ው ልዩነት ደግሞ በራሱ ረድፍ። ያለፈበትና የተበላሸ በሌላ ዝርዝር ይገባል፤ ከሚሠራው ጋር አንድ ላይ ተቆጥሮ «ቆይቶ ይወገዳል» ቢባል አትስማሙ፣ የማስወገጃ ኮሚቴው ሲመጣ በስማችሁ ነው የሚጠየቀው። ናርኮቲክ አምፑል በአምፑል፣ የመቆለፊያው ቁልፍ ስንት ቅጂ እንዳለውና በማን እጅ እንዳለ ተጽፎ። ቆጠራው በአንድ ቀን ካላለቀ ክፍሉ በሁለታችሁ ቁልፍ ታሽጎ ያድራል፣ ፊርማውም በማግሥቱ ይሆናል።